ምሬት አይሸትም

ጡረታ የወጣሁት እንደ መንግሥት ሠራተኛ ደብዳቤ ተጽፎልኝ አይደለም። መጀመሪያ ጉልበቴ እንቢ አለ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና ካርቱምን ከነድስቴ ትቼ ወጣሁ። አሁን ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስውል የሰፈሩ ሴቶች "ዘሃራ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሱዳን ምን ስትሠሪ ኖርሽ?" ይሉኛል። "ጣፋጭ ስሠራ" ስላቸው ይስቃሉ። ቤት ስጠርግ፣ ልብስ ሳጥብ፣ የሰው ልጅ ሳዝል የኖርኩ ነው የሚመስላቸው። እሱንም ሠርቻለሁ፣ አልክድም። ሙያሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ግን ሙያዬ የለጋ ቅጠል መዓዛ ወተትና ስኳር ውስጥ ማስገባት ነው። ያስተማረችኝ እትዬ ዘነበች የምትባል የጎንደር ሴት ናት። ይህንንም የምጽፈው ስለ እሷ ስል ነው። እኔን ባለች ስሟ ጠፍቶ ነበር፤ ስሟ እስኪመለስላት ድረስ ደግሞ እኔ ዕረፍት አልነበረኝም።

ካርቱም ስገባ ያረፍኩት ዴም የሚባል ሰፈር ነው፣ ከወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን። የመጀመሪያው ሥራዬ አል-ጣኢፍ፣ የባለጸጎች ሰፈር ነበር። የዚያ ቤት ማዳም እኔ ከጠረግኩ በኋላ በነጭ መሐረብ መስኮቱን እያሸች አቧራ ትፈልጋለች። ካርቱም ውስጥ አቧራ ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ የለም። ከዚያ ዓባይን ተሻግሬ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ቤት ገባሁ። ልጆቹ ብዙ፣ ጩኸቱ ብዙ፤ ዐረብኛዬን ያቃናልኝ ግን ያ ቤት ነው፤ ስድቡንም ምርቃቱንም እዚያው ለመድኩ። ስለ ደሞዝና ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ወረቀት አላወራም፤ የሠራበት ያውቀዋል። ደሞዙም "ቡክራ"፣ ወረቀቱም "ቡክራ"፤ ነገ፣ ነገ እንደተባለ ዓመቱ ያልቃል።

ተመልሼ አል-ጣኢፍ ሌላ ቤት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ከጎረቤት አጥር ማዶ ሽታ መጣ። ያረቢ! ጠጅ ሳር ነው። በእኛ አገር ጠጅ ሳር ለበዓል ይጎዘጎዛል እንጂ ማን ድስት ውስጥ ይከተዋል? ደግሞ ከወተት ጋር ነው የሚሸተው። ልብሱን ባልዲው ላይ ጥዬ ሄጄ የጎረቤቱን የጓሮ በር አንኳኳሁ። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴት ከፈተች።

"ምን ፈለግሽ?" አለችኝ በዐረብኛ።

"ሽታውን" አልኳት በአማርኛ።

ከት ብላ ሳቀች። "ሽታ ብድር አይሰጥም፤ ግቢ!"

እትዬ ዘነበችን ያወቅኋት እንዲህ ነው። የማዳም ናዲያ ቤት ጣፋጭ ሠሪ ነበረች። መሐለቢያ የሚሉትን፣ ወተት በነጭ የበቆሎ ዱቄት ወፈር ተደርጎ የሚቀዘቅዘውን፣ ሩዝ በወተቱን፣ በሽሮፕ የሚርሰውን የስንዴ ኬክ ባስቡሳውን፣ ሁሉንም ትሠራለች። ግን እንደ ሌሎቹ ሠሪዎች ከገበያ የጽጌረዳ ውኃ ገዝታ ጠብ አታደርግም። መዓዛውን ከለጋ ቅጠል ነው የምታወጣው። በጓሮው፣ የሸክላ የውኃ እንስራው ዚሩ በሚያንጠባጥብበት እርጥብ ቦታ ላይ ናና አብቅላለች። በዱቄት ወተት ጣሳዎች ውስጥ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከጎንደር ያመጣችው ጤና አዳም አለ። ያንን ጤና አዳም ከካርቱም ፀሐይ ለመጠበቅ ቀኑን ሙሉ ጣሳውን ከጥላ ጥላ ስታዞረው ትውላለች።

በየከሰዓቱ ሥራዬን ጨርሼ እሷ ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። ማስተማሯ በቁጣ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቅጠሉን ከወተቱ ጋር አንድ ላይ ሳፈላው ጭልፋውን በጠረጴዛው ላይ መታችው።

"ቅጠል እንደ ጎመን አይቀቀልም! ወተቱ ዳር ዳሩን መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሳቱን ታጠፊያለሽ። ቅጠሉን በክር አስረሽ ታጠልቂያለሽ፣ ትከድኛለሽ። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ ነው።"

ክዳኑን ስታነሳ እንደ ሰው አታነሳውም። ቀስ አድርጋ ታጋድለውና ክዳኑ ያላበውን ጠብታ በሙሉ ወደ ድስቱ ትመልሰዋለች። "መዓዛው ሸሽቶ ሸሽቶ እዚህ ነው የሚደበቅ" ትላለች። ቅጠሉን ስታወጣ አትጨምቀውም። እኔ አንድ ጊዜ ይባክናል ብዬ ጭምቅ ሳደርገው እጄን ያዘችኝ። "ተይ! ቅጠል ሲጨመቅ ቂሙን ነው የሚያወጣ።" ናና እሳት እንደማይወድ፣ በቀዝቃዛ ወተት ተነክሮ ፍሪጅ ውስጥ ማደር እንዳለበት ከእሷ ተማርኩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በረዶ የሞላ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። ከርከዴ ወተት ከነካማ ጉድ ፈላ፤ ወተቱ ዓይናችን እያየ አይብ ይሆናል። ከርከዴን ለሽሮፕ ብቻ ነው የምትፈቅድለት።

ሰዓት አትጠቀምም። የምትለካው በጸሎት ነው። ጠጅ ሳር ዳዊት ይደገምለታል፣ ረዘም ይላል። ጤና አዳም አንድ አባታችን ሆይ ብቻ ነው፣ ከዚያ ቶሎ ይወጣል። "እኔ አባታችን ሆይን አላውቅም" አልኳት።

"አንቺስ የራስሽ የለሽም? እሱን በያ!"

ሞከርነው። እኔ ፋቲሓን ረጋ ብዬ ስቀራ፣ እሷ ጸሎቷን ስታደርስ፣ ሁለታችንም እኩል ጨረስን። ከዚያ ወዲህ በእኔ ድስት ፋቲሓ፣ በእሷ ድስት አባታችን ሆይ ሆነ። አንድ ሕግ ደግሞ ነበራት፣ በዚህ ቀልድ የለም። ነፍሰ ጡር በምትቀርብበት ገበታ ጤና አዳም አይገባም። አስቀድማ ትጠይቃለች፤ ካላወቀች ናና ታደርጋለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አፍንጫዋ ነበር። ማሽተት ስትፈልግ መጀመሪያ ወደ በሩ ትሄድና የቀሚሷን እጅጌ ታሸታለች። "የራሴን ላብ ሳሸት አፍንጫዬ ይጸዳል" ትላለች። ከዚያ ተመልሳ ድስቱ ላይ ጎንበስ ትላለች። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁዳዴን ሙሉ ወተት ስትሠራ ከርማ አንዲት ጠብታ ከንፈሯን አይነካም። ጣፋጩ ግን ያው ነው፤ ከፍስኩ ጊዜ የተለየ አይሆንም። ማዳም ናዲያ በእንግዶቿ ፊት "የእኔ ዘነበች ሳትቀምስ ነው የምትሠራው!" እያለች ትኮራባት ነበር። እትዬ ዘነበችም ደስ ይላታል፣ ምን ትደብቃለች።

አሠሪዎቼ ከአገር ሲወጡ ሥራ ፈታሁ። እትዬ ዘነበች እጄን ይዛ ማዳም ናዲያ ፊት አቆመችኝ። "ለጣፋጩ ረዳት ትሁነኝ። ዋሷ እኔ ነኝ። ያጠፋችውን ከእኔ ፈልጊ" አለቻት። እኛ ዘንድ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። በሰው አገር ወረቀትሽም ዘመድሽም የዋስሽ ስም ነው።

ጉዱ የመጣው ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ በገቡበት ዓመት ነው። እኔ ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃም አልነካ፤ እሷ ከወተት ከቅቤው ርቃለች። የማዳም ልጅ ሳራ ታጭታ ነበርና የእጮኛዋ እናት፣ አንዲት የተከበሩ ሐጃ፣ ከነቤተሰባቸው ለፍጡር፣ ለጾም መፍቻው ማዕድ፣ ሊመጡ ሆነ። ማዳም ናዲያ ወጥ ቤት ገብታ "ማንም ቤት ያልቀመሱት ነገር እፈልጋለሁ!" አለች።

"ጤና አዳም በመሐለቢያ" አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። እኛ ወሎዎች አይብ ላይ ጣል እናደርገዋለን፣ ከወተት ጋር እንደሚስማማ አውቃለሁ። እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰበችና ነፍሰ ጡር ትኖር እንደሆነ ማዳምን ጠየቀች። የለችም ተባለ። "እንግዲያው አንቺው ሥሪው" አለችኝ።

የዚያን ቀን ሙቀት አይነገርም። መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል። ወተት በአህያ የሚያዞረው ሰውዬ በጊዜ አምጥቶልናል። ለመግሪብ እንዲቀዘቅዝ ከቀትር ጀምረን መሥራት ነበረብን። ወተቱ ሲንቀጠቀጥ እሳቱን አጠፋሁ፣ ጤና አዳሙን አጠለቅሁ፣ ከደንኩና ፋቲሓዬን ጀመርኩ። ሳልጨርስ ማዳም ከሳሎን "ያ ዘህራ! ያላ፣ ያላ!" ብላ ጮኸች። ምንጣፍ ይነሳ፣ ወንበር ይግባ፣ ብርጭቆ ይታጠብ። እትዬ ዘነበች በሌላው ምድጃ የባስቡሳውን ሽሮፕ ይዛለች፤ ድስቴ ገና መከደኑ መስሏታል። ስመለስ ወተቱ ለብ ብሏል፣ ቅጠሉ ውስጡ ነው።

"እትዬ፣ ቆየብኝ!"

እሷ በሩ ድረስ ሄደች፣ እጅጌዋን አሸተተች፣ ተመልሳ ክዳኑን አጋደለች። ከዚያ ፊቷ በራ። "እሰይ! በማርያም፣ እንዲህ ያለ መዓዛ አውጥቼ አላውቅም!" አለች። እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ወላሂ፣ ሎሚም አይደለ ማርም አይደለ፣ ልብ የሚያርስ ነገር ነው። አልቀመስኩትም፣ ጾሜ እንዳይበላሽ። እሷም አልቀመሰችውም፣ ወተት ነውና። ከእኛ ሌላ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ዱቄቱን በጥብጠን አወፈርነው፣ በኩባያ ቀድተን በረዶ ላይ ደረደርነው።

አዛን አለ፣ ቴምሩ ተበላ፣ እራቱ ተነሳ። ኩባያዎቹን በትሪ አሳልፌ ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩና ጆሮዬን ጣልኩ። ሳሎን ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀስ በቀስ ጠፋ። የማንኪያ ድምፅ አይሰማም። ከዚያ አንድ ሕፃን "ሙር! ሙር!" እያለ ማልቀስ ጀመረ፤ መራራ ማለቱ ነው። ማዳም ናዲያ ኩባያ ይዛ ገባች።

"ቅመሱት!"

እኔ አፍጥሬ ነበርና ቀመስኩት። ኮሶ! ንጹሕ ኮሶ! ስኳሩ መጀመሪያ ያታልላል፣ ከዚያ ምሬቱ ጉሮሮ ይዞ አይለቅም። እትዬ ዘነበች ወተቱን ባትቀምሰውም ፊቴን አይታ ገባት።

"ሐጃዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ" አለች ማዳም። "ለልጄ እጮኛ ቤተሰብ መራራ አበላሁ! ስንት ዓመት አፍንጫሽን ሳምን ኖርኩ። ዋሷ እኔ ነኝ አላልሽኝም?"

"ብያለሁ" አለች እትዬ ዘነበች።

"ኸላስ! ሁለታችሁም ከቤቴ ውጡ።"

እትዬ ዘነበች ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በጓሮ በር ወጣን። ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ይዘን ወደ ዴም ስንሄድ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ውጭ ውጭውን ታያለች። ዴም ልንደርስ ስንል "ለካ ምሬት አይሸትም" አለች።

ወሬው አል-ጣኢፍን ባንዴ አዳረሰ። ሠርጉም ተራዘመ። ሙሽራው ሥራ ቀይሮ ነው፣ ቤቱ አላልቅ ብሎ ነው ይባላል፤ ማዳም ናዲያ ግን በየቤቱ "የእነዚያ የሐበሾች ምሬት ነው" ትላለች አሉ። መሐለቢያ ሠርግ ሲያስቀር የሰማ አለ? ቢሆንም ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበችን ወጥ ቤቱ የሚያስገባት ጠፋ። ያቺ ጥርት ያለች ባለሙያ ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሐል ካለች ሻይ ቤት ገብታ የግሪስ እጅ የጨበጠው ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ልጠይቃት ስሄድ ናና ይዤላት እሄዳለሁ። አታሸተውም።

"ተይኝ ዘሃራ። አፍንጫዬ ከዳኝ።"

"አፍንጫሽ አልከዳሽም! ምላስ ነው ያጣነው፣ ምላስ!"

"አሁን ምን ይሠራል? ስሜ አንዴ ሄዷል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እልህ ያዘኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ? ይህችን ሴት ያስወጧት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ሳይመልሷት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም ብዬ ማልኩ። ሰው ቤት መቀጠሩን ተውኩት። ከእነዚያው ከወሎ ልጆች ጋር በምኖርበት ግቢ ጥግ ላይ ምድጃ ተከልኩ፣ ጣሳዎቹን ደረደርኩ፣ ወገቤን ታጠቅሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሴቶችን ቁርኣን ወደምታስቀራው ሐጃ ሰዓዳ ነው። "ጾመኛ ሆኜ ለሥራዬ መቅመስ እችላለሁ ወይ?" አልኳት። ሳቀችብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሙያሽ ከሆነ በምላስሽ ጫፍ ቅመሽ ትፊው። አትዋጪው እንጂ ጾምሽ ምን ይሆናል!" አጃኢብ! ያ ሁሉ መዓት አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው የመጣው። በዚህም አላበቃሁም። የግቢው ልጆች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ በረመዳን ሁልጊዜ አንዷ የወር አበባዋ መጥቶ የማትጾም አትጠፋም። ድሮ ተደብቀው ነበር የሚበሉት። አሁን ተራዋ የደረሰ ማንኪያዋን ይዛ ደጄ ላይ ትቆማለች፣ ሌሎቹ ይስቁባታል፣ እኔ አስቀምሳታለሁ።

ጤና አዳምን ደግሞ እንደ አዲስ ተማርኩት። ስንት ወተት ደፋሁ መሰላችሁ! ቅጠሉን ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጫፉን ብቻ፣ ዘንጉን ያለ ቅጠሉ፣ ሁሉንም ሞከርኩት። ምሬቱ ያለው አብዛኛው ዘንጉ ላይ ነው። ትኩስ ሳለ ያልታየ ምሬት ሲቀዘቅዝ ብቅ እንደሚልም ደረስኩበት። ስለዚህ ትኩሱን ቀምሼ አላምንም። ትንሽ በሣህን አውጥቼ በረዶ ላይ አስቀምጥና ሲበርድ ደግሜ እቀምሳለሁ። ፋቲሓዬን ስጀምር ደግሞ ማንም ቢጠራኝ አልሄድም። የግቢው በር ቢቃጠልም አልሄድም!

ኩባያዎቼን ዴም ያለ የሐበሻ ካፌ ወሰደልኝ። ከካፌው አንዲት ሱዳናዊት አስተማሪ ቀመሰች፤ ለእህቷ ወሰደች፤ እህቷ አል-ጣኢፍ ነው የምትኖረው። እንዲህ እንዲህ እያለ በረክሻ ጣፋጭ ወደ አል-ጣኢፍ መላክ ጀመርኩ። ማን እንደሚሠራው አይጠይቁም። እኔም አልነግራቸውም።

ረመዳንና ሁዳዴ በዓመቱ ደግመው ተገናኙ። አንድ ከሰዓት ዴም ደጃችን ላይ መኪና ቆመ። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶቧን እየሰበሰበች የወረደችው ማዳም ናዲያ ናት። እኔን ስታይ ክው አለች።

"አንቺ ነሽ? የጤና አዳሙን መሐለቢያ የምትሠሪው?"

"እኔ ነኝ ማዳም።"

ነገሩን ነገረችኝ። ሐጃዋ፣ የሳራ እጮኛ እናት፣ የአስተማሪዋ እህት ቤት አፍጥረው መሐለቢያዬን በልተዋል። ደገሙ፣ ማን እንደሠራው ጠየቁ። የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ማዳም ናዲያ ቤት ለፍጡር ሲመጡም ይህ ጣፋጭ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ።

"ማሌሽ ያ ዘህራ" አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። "ያለፈው አለፈ።"

"ማሌሹ የእኔ አይደለም" አልኳት። "ባለቤቱ ባሕሪ ናት።"

"ሹፌር እልክላታለሁ።"

"ያስወጣሻት አንቺ ነሽ፣ ሹፌሩ አይደለም። ራስሽ ሄደሽ ካላመጣሻት እጄን አላነሳም።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ጣፋጭ ሠሪ ሞልቷል!" ብላ የመኪናውን በር ወርውራ ሄደች። የግቢው ልጆች ወረዱብኝ። "አብደሻል? በአንድ ቃል የአል-ጣኢፍን በር ሁሉ ታዘጊብናለች!" አሉኝ። እኔም ፈርቻለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ወረቀትም የለኝ፣ ሞኙን ሆንኩ።

ከቀናት በኋላ መኪናው ተመለሰ። የመጣችው ሳራ ናት፤ እናቷ ከኋላ ተቀምጣለች፣ አታየኝም። "ግቢ ዘህራ" አለችኝ ሳራ። "መንገዱን አሳዪን።" ድልድዩ ላይ መኪና በመኪና ሆኖ ብዙ ቆምን። ባሕሪ ደረስን። ማዳም ናዲያ በዚያ ነጭ ቶቧ ዘይትና የብረት ፍቅፋቂ መሐል እየረገጠች ወደ ሻይ ቤቷ ገባች። መካኒኮቹ መዶሻቸውን አቁመው ያያሉ። እትዬ ዘነበች እጆቿ አረፋ ውስጥ ናቸው፣ ቀና አላለችም።

"ያ ዘነበች" አለች ማዳም። "በልጄ ደስታ ቀን ተናድጄ ነው። በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ማሌሽ።"

እትዬ ዘነበች እጆቿን ቀስ ብላ አደረቀች። እኔን አየችኝ። የእኔ ሥራ መሆኑ ገባት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "በሰው ፊት ከሆነ ያዋረድሽኝ፣ በሰው ፊት ይመለስልኝ" አለች። "ለአንድ ቀን እመጣለሁ።"

የፍጡሩ ቀን ያ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ከሳሎን ስንቴ ተጠራሁ፣ አልሄድኩም። እሷ እጅጌዋን አሽታ ድስቱን ታሸታለች፣ እኔ ከሣህኑ በምላሴ ጫፍ ነክቼ እተፋለሁ።

"ይመራል?"

"አይመርም እትዬ።"

"ሲበርድስ?"

"በርዷል። አይመርም።"

"በእናትሽ፣ አንዴ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት። ከአዛኑ በኋላ ትሪውን ራሷ እትዬ ዘነበች ይዛ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሐጃዋ ማንኪያ አነሡ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ "የማን እጅ ነው?" አሉ። ማዳም ናዲያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "የዘነበች እጅ ነው" አለች። "አምና በእናንተ ፊት ስሟን አጠፋሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት ነው የምለው፣ ከእሷ የተሻለ በዚህ ሰፈር የለም።" እትዬ ዘነበች አንገቷን ሳትደፋ ቆማ ሰማች። እኔ በሻርፔ ዓይኔን ስጠርግ ሳራ ስቃብኝ አቀፈችኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳም ሥራሽ ይጠብቅሻል አለቻት። እኔ ለዚህ ቀን ነበር የለፋሁት፤ ትመለሳለች ብዬ ሽርጡን ጭምር አጥቤ አስቀምጫለሁ። እትዬ ዘነበች ግን ራሷን ነቀነቀች። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሜን ነበር የፈለግሁት፣ አገኘሁት። አሁን አገሬ እገባለሁ" አለች። በዋናው በር ወጣን። እኔ መንገዱን ሙሉ ተቆጣሁ። "ለዚህ ነው እንዴ ዓመት ሙሉ የለፋሁት?" አልኳት። "ለዚሁ ነው እንጂ!" አለችኝና ጉንጬን ሳመችው።

ፋሲካ የዋለው ረመዳን ሳያልቅ ነው። ወደ ጎንደር ከመንቀሳቀሷ በፊት፣ በፋሲካው ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ዴም እኔ ክፍል መጣች። ለእሷ ብቻ ብዬ ጤና አዳም ያለበት መሐለቢያ ሠርቼ በረዶ ላይ አቆይቼላታለሁ። የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ብቻዬን የሠራሁትን ቀምሳ አታውቅም። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ምራቄን እየዋጥኩ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አማተበች። አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ቆየች፣ ዋጠች። ፊቷ ምንም አይልም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች የኩባያውን ግድግዳ ሳይቀር ጠርጋ ጨረሰች።

"ስኳር አብዝተሽበታል" አለችኝ። ከዚያ ባዶውን ኩባያ ዘረጋችልኝ። "ድገሚኝ።"